ሰባተኛ ክፍል፦ ሳይንሱ ለምን ይከብዳል? ሆም ሩምስ ምን ይሠራል?

ባለፈው ኅዳር አንዲት እናት ከትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝ። የልጃቸውን የቴስት ወረቀት አጣጥፈው ይዘዋል። "ቲቸር፣ ስድስተኛ ክፍል ሳይንስ 91 ያመጣች ልጅ እንዴት 54 ታመጣለች? ስልክ ነው? ጓደኛ ነው? ይንገሩኝ እንጂ!"

ወረቀቱን ዘረጋሁት። 3ኛው ጥያቄ ላይ አንዲት ቃል በእርሳስ ተሰምሮባታል። ከጎኗ በአማርኛ "ምን ማለት ነው?" የሚል ተጽፏል። መልሱ ባዶ ነው። ቃሏ "ኢቫፖሬሽን" ናት።

በማግስቱ ልጅቷን ጠራኋትና "የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ሲደርቅ ውሃው የት ይሄዳል?" አልኳት። ሳታመነታ መለሰች። ይተናል። ፀሐይና ንፋስ ካለ ቶሎ ይተናል። ክረምት ላይ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ልብሱ ሁለት ቀን ይፈጃል። ይህ ሙሉ ነጥብ የሚያሰጥ መልስ ነው። ስልክም ጓደኛም አልነበረም። ልጅቷ ትነትን ታውቃለች፤ የማታውቀው ኢቫፖሬሽንን ነው።

የማስተምረው አዲስ አበባ ዳር፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳው የሚጀምርበት ሰፈር ነው። 7ኛ ክፍል ሳይንስ እይዛለሁ፤ የአንድ ክፍል ሆም ሩምም ነኝ። በየዓመቱ ወላጆች የሚጠይቁኝ ያው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። በር ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ ከመመለስ አንዴ ጽፎ መገላገል ይሻላል ብዬ ነው።

መጀመሪያ አደረጃጀቱን እንለፈው። ብዙዎቻችሁ የተማራችሁት በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ፖሊሲ ነው። ያኔ ከ1 እስከ 8 አንደኛ ደረጃ ነበር። 7ኛ ክፍል ላይ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ለየብቻ ይጀመሩ ነበር። አሁን ከ1 እስከ 6 አንደኛ ደረጃ፣ 7 እና 8 መካከለኛ ደረጃ፣ ከ9 እስከ 12 ሁለተኛ ደረጃ ነው። ልጁ እስከ 6ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ ይማራል። 7 እና 8 ላይ ሦስቱ ተዋሕደው አጠቃላይ ሳይንስ የሚባል አንድ ትምህርት ሆነዋል። ተለያይተው የሚመጡት 9ኛ ላይ ነው።

"ሦስቱ አንድ ከሆኑማ ቀሎላቸዋል" የሚሉ አሉ። አልቀለለም። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ልኬት አለ፣ ቁስ አካል አለ፣ ሕዋስ አለ፣ ሕይወት ያላቸው ነገሮች አሉ፣ መሬትና ፀሐይም አሉ። መምህሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሠለጠነው በአንዱ ብቻ ነው። እኔ ራሴ ያጠናሁት ባዮሎጂ ነው። የኬሚስትሪው ምዕራፍ ሲደርስ ማታ ማታ ከልጆቹ እኩል አጠናለሁ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ወላጅም ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ዋናው ነገር ግን ቋንቋው ነው።

እዚህ ከተማ በአማርኛ በሚያስተምሩት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጁ እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአማርኛ ነው የሚማረው። 7ኛ ላይ ሁለቱም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ። ሰኔ ላይ "ሕዋስ" ያለው ልጅ መስከረም ላይ "ሴል" በል ይባላል። ከግል ትምህርት ቤት የመጡት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቀድመው ስለጀመሩ ድንጋጤያቸው ያንሳል። ከእኛ ሰፈር አስፋልቱን ሲሻገሩ ደግሞ ኦሮሚያ ነው። ከዚያ የሚዛወሩ ልጆች ሳይንስን የተማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። እነሱማ ሦስት ቋንቋ ነው የሚያስታርቁት።

የሚያስቸግሩት ደግሞ ረጃጅሞቹ ቃላት ብቻ አይደሉም። አጫጭሮቹ ይብሳሉ። አንድ ጊዜ ቁስ አካልን ማለቴ ነው፣ "ማተር ምንድነው?" ብዬ ስጠይቅ አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ "ችግር!" አለ። ከየት እንዳመጣው ገባኝ፤ "ዋትስ ዘ ማተር" የሚለውን ከፊልም ለምዶታል። "ሴል" ሲባል "መሸጥ" ብሎ የጻፈም አጋጥሞኛል። እነዚህ ልጆች ሰነፎች አይደሉም። የሚያውቁትን ቃል ነው የመለሱት።

ከሁሉም የሚያምሰን "ክብደት" ነው። ገበያ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር ስንገዛ ክብደቱ አንድ ኪሎ ነው እንላለን። ሳይንሱ ግን ይህን ለሁለት ይከፍለዋል። ስኳሩ ውስጥ ያለው የቁስ መጠን "ማስ" ይባላል፤ በአማርኛው መጠነ ቁስ ነው፤ የሚለካውም በኪሎ ግራም ነው። መሬት ያንን ስኳር ወደ ታች የምትስብበት ጉልበት ደግሞ "ዌይት" ነው፤ የሚለካው በኒውተን ነው፤ ለአንድ ኪሎ ወደ 10 ኒውተን ይጠጋል። ያንን ስኳር ጨረቃ ላይ ብትወስዱት ማሱ ያው 1 ኪሎ ነው። ዌይቱ ግን ወደ አንድ ስድስተኛ ይወርዳል። ልጃችሁ "ኪሎ የክብደት መለኪያ አይደለም" ብሎ እራት ላይ ቢከራከራችሁ እየቀበጠ አይደለም። ክፍል ውስጥ የሰማውን ነው።

የንጥረ ነገሮች ምልክትም ሌላ ግርታ ነው። ብረት በእንግሊዝኛ "አይረን" ነው፤ ምልክቱ ግን "ኤፍ ኢ"። ለምን? ምልክቱ የመጣው "ፌረም" ከሚለው የላቲን ስም ስለሆነ ነው። ወርቅም "አውረም"፣ ሶዲየምም "ናትሪየም" ከሚል ነው ምልክታቸውን ያገኙት። ይህን የነገሯቸው ልጆች ምልክቱን ሳይሸመድዱት ይይዙታል።

ታዲያ እንግሊዝኛ የማይችል ወላጅ ምን ያድርግ? ብዙ ሰው የሚሮጠው አስጠኚ ፍለጋ ነው። ገንዘብ ካለ ክፉ አይደለም። እኔ ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር እላለሁ። ልጁ ደብተሩን ከኋላ ገልብጦ ሦስት ዓምድ ያስምር። አንደኛው ላይ የእንግሊዝኛው ቃል፣ ሁለተኛው ላይ አማርኛው፣ ሦስተኛው ላይ ሥዕል። ሥዕሉ ቤቱ ውስጥ ያለ ነገር ይሁን፤ ከመጽሐፍ የተገለበጠ አይሁን። በሳምንት አምስት ቃል ይበቃል። የእናንተ ሥራ ማታ ላይ "እስቲ ይህን በአማርኛ አስረዳኝ" ማለት ነው። ካስረዳችሁ ገብቶታል ማለት ነው፤ የቀረው ቃሉን መልመድ ነው። ማስረዳት ካቃተው ግን ችግሩ ቋንቋው ላይ አይደለም፤ ያኔ ወደኔ ኑ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። 58 ልጆች፣ 40 ደቂቃ። ላብራቶሪ የምንለው ክፍል ግማሹ የተሰበረ ዴስክ ማስቀመጫ ነው። ቢሆንም ሙከራ እንሠራለን። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጥቁር ሰሌዳውን በስንዝር አስለካቸዋለሁ። አንዱ 14 ይላል፣ ሌላዋ 16፣ ረጅሙ ልጅ 12። ክርክር ይነሳል። ከዚያ ሜትር አወጣለሁ። ስለ ስፋት ስናወራ ደግሞ እዚህ ሰፈር ማስረዳት አይከብድም፤ "ካሬ" የማይሰማበት ቤት የለም። ደላላው "200 ካሬ" ሲል 200 ካሬ ሜትር ማለቱ ነው። አያቶቻቸው መሬቱን በጋሻ እንደነበር የሚለኩት ስነግራቸው ይገረማሉ።

የምወዳት ሙከራ ግን የውሃዋ ናት። ቀላል ትመስላለች። ስቶቭ ላይ ውሃ እጥዳለሁ፣ ቴርሞሜትር እከታለሁ፣ አንድ ልጅ በየደቂቃው ያነባል፣ ሌላው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። 60፣ 71፣ 80፣ 87። ከዚያ 92 ላይ ውሃው መንፈቅፈቅ ይጀምራል። ልጁ "92" ይላል። ቀጣዩ ደቂቃ፣ "92"። ቀጣዩም "92"። ክፍሉ ያጉረመርማል። "ቲቸር፣ ተበላሽቷል!" ቴርሞሜትሩን ማለታቸው ነው። መጽሐፉ 100 ነው የሚለው።

አልተበላሸም። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ ጅቡቲ ብትሄዱ 100 ታገኛላችሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከላያችን ያለው አየር ስለሚሳሳ ግፊቱ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃውን ወደ ታች የሚጫነው አየር ሲቀንስ እንፋሎቱ ቶሎ ያመልጣል፤ ስለዚህ በ92 ገደማ ይፈላል። ከፈላ በኋላ እሳቱን ብትጨምሩበትም ቁጥሩ አይወጣም፤ ተጨማሪው ሙቀት ውሃውን ወደ እንፋሎት በመቀየር ያልቃል። ቤታችሁ ያለው ባቄላ አልበስል የሚለውም በከፊል በዚህ ነው። ጥርቅም ተደርጎ የሚዘጋው ድስት የሚጠቅመው እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ነው።

ሪፖርት ሲጽፉ ከልጆቹ ብዙዎቹ 92ን ትተው 100 ይጽፋሉ። መጽሐፉን ፈርተው ነው። እኔ 100 ለጻፈ ነጥብ እቀንሳለሁ። አንድ አባት በዚህ ጉዳይ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው "መጽሐፉ የሚለውን ጽፎ እንዴት ይቀነስበታል?" ብለውኛል። የሙከራ ሪፖርት የሚጠይቀው ምን ተጠቀምክ፣ ምን አደረግክ፣ ምን አየህ፣ ለምን ይመስልሃል የሚለውን ነው። ልጁ ደግሞ ያየው 92 ነው። አባትየው ሙሉ በሙሉ የተስማሙ አልመሰለኝም፤ ብቻ ባቄላው ላይ ስንደርስ ሳቁ።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ለሚፈልግ፣ ዱላ መሬት ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉና ጥላውን ለኩ። በጣም የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ወደ 6 ሰዓት ተኩል ይጠጋል፤ ምክንያቱም የአገራችን ሰዓት የተቀመረው ከኛ በስተምሥራቅ፣ በሶማሌ ክልል በሚያልፍ መስመር ነው። የቀትሩ ጥላ ታኅሣሥ ላይ ወደ ሰሜን፣ ሰኔ ላይ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ሰኔ ላይ ፀሐይ ከታየች ማለቴ ነው።

ቤት ውስጥ የማይሠራም አለ። በረኪናን ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል የለም። አንዳንዱ ማጽጃ አሲድ አለበት፤ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ሳይንስ የጀመረ ልጅ ይህን ለመሞከር እጁ ይበላዋል። አስቀድማችሁ ንገሩት።

ስለ ውጤት ባጭሩ። ከመቶው የሚደመረው ክላስ ወርክ፣ የቤት ሥራ፣ ቴስት፣ የቡድን ሥራና የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ፈተና ነው። ክፍፍሉን ከመምህሩ ጠይቁ። ትኩረት የሚሻው የቡድን ሥራው ነው። አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። እኔ ከቡድኑ ደስ ያለኝን ልጅ አስነስቼ አስረዳ እለዋለሁ፤ ካላስረዳ የሁሉም ይቀነሳል። ጨካኝ ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። 8ኛ መጨረሻ ላይ ከተማ አቀፉ ፈተና አለ፤ ወላጅ እስከ ዛሬ "ሚኒስትሪ" የሚለው። እዚያ ቡድን የለም።

እሺ፣ ሆም ሩም። ብዙ ወላጅ አንድ የትምህርት ዓይነት ይመስለዋል። ሆም ሩም ሰው ነው። በወግ "የክፍል ኃላፊ መምህር" ይባላል። በታችኛው ክፍል ልጁን ቀኑን ሙሉ የሚያውቀው አንድ መምህር ነበር። 7ኛ ላይ በየፔሬዱ ሌላ መምህር ይገባል ይወጣል። የሳይንሱ መምህር ሳይንሱን ያያል፣ የሒሳቡ ሒሳቡን። ሁሉንም አንድ ላይ የሚያየው ሆም ሩሙ ብቻ ነው። የሚያየው ደግሞ ሮስተር በሚባል ወረቀት ላይ ነው።

ሮስተሩን ላሳያችሁ። ትልቅ የተሰመረ ወረቀት ነው። በቁመት የ58 ልጆች ስም፣ በአግድም የትምህርቱ ዓይነት ሁሉ፣ መጨረሻ ላይ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ። ጥር ላይ መምህራኑ የየራሳቸውን ማርክ ሊስት ያመጡልኛል። እኔ ቤቴ ወለሉ ላይ ዘርግቼው፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ መብራት፣ በካልኩሌተር እደምራለሁ። ኤክሴል የሚጠቀሙ አሉ፤ ቢሆንም ቁጥሩን የሚያስገባው ሰው ነው። አንድ ዓመት አንድ መስመር ዘለልኩ። የአንዱ ልጅ የሒሳብ ውጤት ለቀጣዩ ሆነ፤ ከዚያ በታች ያለው በሙሉ በአንድ ወረደ። ማን አወቀው? አንዲት አክስት። የልጁን የቴስት ወረቀቶች በሙሉ በፌስታል አጠራቅመው ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግፈው "ደምረው" አሉኝ። ደመርኩት፤ እሳቸው ልክ ነበሩ። ስለዚህ የልጃችሁን የቴስት ወረቀት አትጣሉ።

ካርዱ ላይ ወላጅ መጀመሪያ የሚያየው ደረጃውን ነው። እኔ ቀድሜ የማየው "የቀረበት ቀን" የሚለውን ነው። እዚህ ዳር ላይ መቅረት ብዙ ምክንያት አለው። ክረምቱ ሲወጣ ጭቃው አለ፣ የታክሲ ሰልፍ አለ፣ ቤት መቀየርም አለ። ልጁ ከቀረ በዚያው ቀን ደውሉልኝ። በማግስቱ በልጁ እጅ የሚመጣ ወረቀት ብዙ ጊዜ በራሱ በልጁ እጅ የተጻፈ ነው፤ ፊርማውን ለይቼ አውቀዋለሁ። ሰፈር ከቀየራችሁ ደግሞ መሸኛውን በጊዜ አስጨርሱ። መሸኛ ሳይመጣ ስሙ ሮስተር ላይ አይገባም፤ ስሙ ከሌለ ካርድም የለም።

የመቀመጫ ቦታም የሆም ሩም ሥራ ነው፤ ትንሽ ነገር ይመስላል። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ በሦስት ትምህርት አብሮ ወረደ። መምህራኑ ለየብቻ "ሰነፈ" ነው ያሉት። ደብተሩንና የጎረቤቱን ደብተር ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ጎረቤቱ "ኦክስጅን" የሚለውን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ አንድ ፊደል ገድፏል። የሱም ደብተር ላይ ያው ፊደል የለም። ሰሌዳው ላይ ግን በትክክል ነበር የጻፍኩት። ልጁ ሰሌዳውን አያይም ነበር፤ ሙሉ ሴሚስተሩን ከጓደኛው ነው የገለበጠው። ፊት ወንበር አመጣሁት፣ እናቱ ዓይኑን አስመረመሩት፣ መነጽር ታዘዘለት።

ማን ጋ ይኬዳል? በአንድ ትምህርት ብቻ ከወረደ ወደዚያው መምህር። በሁለት በሦስት አብሮ ከወረደ፣ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ ወደ ሆም ሩሙ። ጠብና ድብድብ ከሆነ ወደ ዩኒት ሊደሩ። ርዕሰ መምህሩ ጋ ቀድማችሁ ብትሄዱ መልሰው ወደኔው ነው የሚልኳችሁ። ሴት ልጅ ኖሯችሁ ሆም ሩሟ ወንድ ከሆነ፣ የሥርዓተ ፆታ ክበቧን መምህርት ገና መስከረም ላይ ተዋወቁ። በዚህ ዕድሜ የወር አበባ ክፍል ውስጥ የሚጀምራት ብዙ ናት፤ ለወንድ መምህር ከመንገር ቤት መቅረትን ትመርጣለች።

ካርድ በሚሰጥበት ቀን ብቻ አትምጡ። ያን ቀን ሰልፉ እስከ በሩ ነው፤ ለአንድ ወላጅ ሁለት ደቂቃም አይደርስም፤ ውጤቱም ታትሟል። ጥቅምት ላይ ኑ። የመጀመሪያው ቴስት ታርሟል፣ ጭቃው ደርቋል፣ እኔም ጊዜ አለኝ።

የኅዳሯ ልጅ ሁለተኛውን ቴስት 66 አመጣች። እናትየው ደስ አላላቸውም፤ 91 ነው የለመዱት። ወረቀቱን አብረን አየነው። 5ኛው ጥያቄ ላይ አሁንም አንድ ቃል ተሰምሮበታል፤ "ኮንደንሴሽን"። "ምን ማለት ነው?" የሚለው ግን የለም። በእሱ ቦታ ትንሽ የድስት ክዳን ሥላለች፤ ከሥሩ ሦስት ጠብታ ተንጠልጥሏል።